ዜማውን የያዘችው ዖርፋ ነበረች

ቬስታ ራትሊፍ ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትዘምር ኖራ አንድም ዜማ አታውቅም ቢባል ማን ያምናል? እሷም ራሷ አላመነችም። ያወቀችው በሰባ አራት ዓመቷ፣ በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ራሷ ላይ ደፍተውባት ሳለ ነው።

ከታላቅ እህቷ ከዖርፋ ጋር መዘመር የጀመሩት ሳህን ሲያጥቡ ነበር። ዖርፋ ታጥባለች፣ ቬስታ በጨርቅ ታደርቃለች። ታላቅ ናትና ዜማውን ዖርፋ ያዘች። ቬስታም ያንኑ ልከተል ብትል፣ «እዚህ እኔ አለሁ፤ አንቺ ሌላ ቦታ ፈልጊ!» ተባለች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ፈለገች፤ ከእህቷ ድምፅ በላይ አንድ ቀጭን መንገድ አገኘች፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደችም። እንደ አውጪና ተቀባይ ተራ በተራ የሚቀባበሉ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይተነፍሳሉ፤ ዖርፋ ከታች ዜማውን ይዛ ትሄዳለች፣ ቬስታ ከላይ ሆና ታጅባታለች። በሚኖሩበት የከሰል ማውጫ ሸለቆ ሰው ሲሞት፣ ልጅ ሲዳር፣ የከሰሉ ጉድጓድ ሲደረመስ የሚጠሩት እነሱ ነበሩ። «የራትሊፍ ልጆች መጡ» ይባላል። ዖርፋ አግብታ ወልዳ፣ ቬስታ ሳታገባ ቀርታ፣ የሁለቱም ፀጉር ነጥቶ እንኳ «የራትሊፍ ልጆች» ነበሩ።

ዖርፋ በአንድ የካቲት ወር ሳንባዋን ታማ በሦስተኛው ቀን ሞተች። በቀብሯ ዕለት ሰባኪው ቬስታን ጠጋ ብሎ አንድ መዝሙር ቢለምናት፣ «ማን ያነሳልኛል?» አለችው። ሐዘኑ በርትቶባት ነው ብሎ ተዋት።

ሐዘኑስ በርትቷል። የባሰው ግን የዖርፋ ድምፅ የትም አለመቀረጹ ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ከአንድ ኮሌጅ ቴፕ የተሸከመ ጎልማሳ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ነበር። እህትማማቾቹ ደግሞ በዚያ በጋ ተኳርፈዋል፤ ዖርፋ የእናታቸውን ላም ሳታማክራት ሸጣለች። ቬስታ በሩ ላይ ቆማ፣ «እዚህ ቤት የሚዘምር ሰው የለም» ብላ መለሰችው። በወሩ ታረቁ፤ ሰውየው ግን ዳግመኛ አልመጣም። ለአንዲት አሮጊት ላም! ዖርፋ ከሞተች ወዲህ ቬስታ ይህን ያላሰበችበት ቀን አልነበረም፤ ባሰበችው ቁጥርም ራሷን ትረግማለች።

እህቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሲሆን የዖርፋ ልጅ ዴንቨር፣ የከሰል መኪና ሹፌሩ፣ አንድ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ይዞ ከተፍ አለ።

«አክስቴ፣ እንግዳ አምጥቼልሻለሁ። እንደዚያኛው ሻጭ በመጥረጊያ እንዳታባርሪው አደራ!»

«የሚሸጠው ነገር ካለው ግን መጥረጊያው እዚያው በሩ ሥር ነው።»

እንግዳው ሊላንድ ፕሩት ይባላል። ለፊልም ሙዚቃ የሚሰበስብ ሰው ነው። «ሁለት እህትማማቾች አሉ ተብዬ ነው የመጣሁት፣ እማማ» አለ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ።

«አንደኛዋ ኮረብታው ላይ ናት። ልትጠይቃት ከፈለግህ መንገዱ በዚያ ነው።»

ሊላንድ አፈረ። ቢያፍርም አልሄደም። ፊልሙ የከሰል ጉድጓድ ልጇን ስለዋጠባት እናት ነው፤ ክራር ከሚመስለው ባንጆ፣ ከቫዮሊንና ከእናንተ አገር ሰው ጉሮሮ በቀር ሌላ ሙዚቃ አላስገባም አለ።

«ሰው ልብሱን ያወልቃል?» አለች ቬስታ።

«አያወልቅም።»

«ይሳደባል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ከሆነስ ከቤተ ክርስቲያናችን ስብሰባ አይብስም» አለችና ወንበር ሳበችለት።

እሺ ያለችው ለዝና ብላ አይደለም። አያታቸው ያስተማረቻቸው፣ ከነሱ በቀር በዚያ ሸለቆ ማንም የማያውቀው አንድ መዝሙር አለ፤ ዖርፋ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው።

ከጉሙ ማዶ አለ አንድ ቤት፣
ደጁ የማይዘጋ ሌሊት፤
ቆማ ትጠብቃለች እናቴ፣
ሲመሽብኝ በሕይወቴ።

ይህ ሸክላ ላይ ከሰፈረ አይሞትም። ያን ጊዜ ደጄ ላይ የከለከልኩትን ዛሬ እክሳለሁ፤ ድምፅዋን ባላተርፍ ዜማዋን አተርፋለሁ፤ እንዲህ ነበር ሐሳቧ።

ናሽቪል የወሰዳት ዴንቨር ነው። ባንጆና ቫዮሊን የያዙት ሁለት ሰዎች ከመስታወቱ ውጭ ተቀምጠዋል፤ ሊላንድ መጀመሪያ እሷን ብቻ እንስማ ብሎ ዝም አሰኛቸው። ቬስታ ዓይኗን ጨፈነች። በልቧ ዖርፋ አነሳችላት፤ እሷም እንደ ድሮው ከላይ ሆና ተከተለች። የእህቷ ድምፅ እዚያው አጠገቧ ነበር። አራቱን ስንኝ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ስትጨርስ ቫዮሊን የያዘው ሰው ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አየችው። ደስ አላት። ከዚያ የተቀረጸውን አሰሟት።

ግድግዳው ፈርሶ ጣራው ብቻ የቀረ ቤት ነበር የሰማችው።

«ዖርፋ የታለች?» አለች።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«ዜማው የለም! ይሄ የኔው ነው፣ የሚያጅበው። የሷ የታለ?»

«እማማ፣ እኔ ስንቱን ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዜማ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ከየት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።»

«አይታወቅማ! ማረፊያው እሷ ናት!»

ሊላንድ ዴንቨርን አየው፤ ዴንቨር መሬት መሬት አየ። ሐዘንተኛ አሮጊት ናት፣ ይቅርታ ያድርጉልን የሚል ፊት ነበር።

«ቆዩ፣ የሷን ልበለው» አለች ቬስታ። ጀመረች። የመጀመሪያዋን ቃል ዝቅ አድርጋ ያዘቻት፤ ሁለተኛዋ ላይ ጉሮሮዋ ሳይጠይቃት ወጥቶ የገዛ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ደገመች። ሠለሰች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። እህቷን በልቧ በደንብ ትሰማታለች፤ አፏን ስትከፍት ግን ዖርፋ ትጠፋለች። የሰማችውንና ያለችውን ለመለየት አንድ ቀን እንኳ ሞክራ አታውቅም፤ ምን አስቦ ይሞክራል ሰው?

«አይድከሙ እማማ። የመጀመሪያው እኮ ፍጹም ነው፤ እንዳናበላሸው» አለ ሊላንድ በትሕትና።

ደክሟታል። ጉልበቷን አሟታል። ዴንቨር ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ አውራ ጣቱን እያሳያት ፈገግ ይላል። «ይሁን» አለች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለውን እኔ ነኝ የምለው፤ እሷ ያን ጊዜ ወደ ቤቷ ከመግባት በቀር ምንም አላሰበችም።

ፊልሙ በመስከረም ወጣ። ዴንቨር ከተማ ወስዶ አሳያት። እናቲቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ፣ የሞቱት አንድ በአንድ ሲወጡ፣ የቬስታ ድምፅ ብቻውን ይሰማል። ሰዉ ያለቅሳል። ቬስታም አለቀሰች፤ ሰው ሁሉ በደስታ መሰለው። ሸክላው በአገሩ ሁሉ ተናኘ፤ ራዲዮው ጠዋት ማታ ይለዋል። አንድ ጋዜጣ «የተራራው ሰው ጥንታዊና እንግዳ ዜማ» ብሎ ጻፈ። ቬስታ አንብባ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ምኑ ነው ጥንታዊው? ሳህን ስታደርቅ ያገኘችው ነው!

በዚያ ዓመት የብርድ ወራት ሳህን ባጠበች ቁጥር የእህቷን ድምፅ ለማውረድ ትሞክራለች። አንዳንዴ አንድ ስንኝ የያዘች ይመስላትና ራዲዮው ይከፈታል፣ ጎረቤት ያፏጫል፣ በቃ። ይባስ ብሎ በልቧ የነበረው የዖርፋ ድምፅ ራሱ መደብዘዝ ጀመረ። የምትፈራው ይህን ነበር። እሷ ከሞተች ዜማው አብሮ ይሞታል፤ ሳትሞትም ከጠፋት እህቷን ሁለተኛ ጊዜ ቀበረች ማለት ነው።

አንድ ቀን ዴንቨርን ያዘችው።

«አንተ ልጅ፣ በሷ ጡት ነው ያደግኸው። ‹ከጉሙ ማዶ›ን እናትህ እንዴት ነበር የምትለው? እስቲ በለው።»

ዴንቨር ሳቀ። «አክስቴ፣ እኔ ስዘምር ውሻ ያለቅሳል።»

«ያልቅስ! በለው።»

ጉሮሮውን ጠረገና አንጎራጎረ። የፊልሙን አንጎራጎረ፤ የቬስታን። እሷ የቀረበለትን የበቆሎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። እናቱ እንደዚያ ትዘምር እንደነበረ ከልቡ አምኗል። በምን ልትነቅፈው ትችላለች?

በግንቦት መጨረሻ እሑድ የሸለቆው ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ መቃብር ያጸዳል፣ አበባ ያኖራል፣ ረጃጅም ጠረጴዛ ላይ የተጠበሰ ዶሮና አደንጓሬ ደርድሮ አብሮ ይበላል። በዚያ ዓመት ሰው በዛ፤ ከከተማ የመጡም ነበሩ። ቬስታን ከዖርፋ መቃብር አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጧት። የዴንቨር ልጅ ሼልቢ ከፊት ቆመች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አገጯ ቁርጥ የዖርፋ።

«ይሄ ለአያቴ ነው» አለች ሼልቢ። «ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ሰማንያ ሰው አንድ ላይ ተነሳ። ሕፃኑም ሽማግሌውም የቬስታን መንገድ ይዞ፣ ከጉሙ ማዶ አለ አንድ ቤት እያለ ኮረብታውን ሞላው። ቬስታ አፏን ዘግታ ትሰማለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ቦታ ሌላ ሰው ይዞላት አያውቅም። አሁን ሰማንያ ሰው ይዞታል፤ የሷ ጉሮሮ ሥራ ፈትቷል። እና ከሥሩ፣ ከድምፁ ሁሉ በታች፣ ያ የዖርፋ ባዶ ቦታ ልክ እንደ በር ቁልጭ ብሎ ታያት።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር አፏን ከፈተች፤ ዖርፋ ወጣች። ዝቅ ያለ፣ ቀላል፣ ሦስት አራት እርምጃ ብቻ ያለው ዜማ ነው። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አታውቅም ነበር። ከጉሙ ማዶ አለ አንድ ቤት። ደጁ የማይዘጋ ሌሊት። ይህ ነው! እህቴ፣ ይህ ነው! እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ድምፅዋ ግን አልተነቃነቀም። ሁለት ስንኝ ቀርቷታል፤ እነሱን ከያዘች እስክትሞት አትለቃቸውም።

ሼልቢ አየቻት። አሮጊቷ የአባቷ አክስት እያለቀሰች ከሰዉ ወጥታ ሌላ ነገር ትላለች፤ ያ በዓለም የታወቀው የገዛ መዝሙሯ ጠፍቷታል። ልጅቷ አዘነችላት። መጥታ ተንበረከከች፤ ክንዷን ቬስታ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ አፏን ጆሮዋ ላይ አስጠጋች።

«አይዞሽ እማማ፣ ተምታቶብሽ ነው። እኔን ተከተዪኝ» አለቻትና ጥርት ባለ ድምፅ፣ ከላይ፣ አስያዘቻት። ቆማ ትጠብቃለች እናቴ።

ቬስታ ዝም በዪ ልትላት ፈለገች፤ ዝም በዪ ለማለት ግን መዝሙሩን መልቀቅ አለባት። ትንሽ ታገለች። ጉሮሮዋ ወጣ፣ ወጣና የለመደበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

«ጎሽ እማማ! እንደሱ ነው!» አለች ሼልቢ ጉንጯን እየሳመቻት።

እስከ መጨረሻው አብረው ዘመሩ። ከዚያ ሰዉ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ ቬስታ ብቻዋን ቀርታ እንደገና ከታች ለመጀመር ሞከረች። የመጀመሪያዋ ቃል እንኳ አልመጣችላትም።