ጉልላቱ የሞላልኝ ኢቃማ

በሱዳን ኦምዱርማን እኔ አዛን ሳደርግ አባይ ውስጥ ያሉ አዞዎች አፋቸውን ይገጥሙ ነበር። ለምህንድስና ትምህርት ኢስታንቡል የገባሁ ዕለት ይህንኑ ለማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ለቱንጃይ ነገርኩት።

«በል አንተ ሙርተዳ፣ መስኮታችንን እንዳትሰብርብን» አለኝ። በሳምንቱ የማደሪያው ተማሪ ሁሉ «አዞው» ይለኝ ጀመር።

ጭጋግ ከባሕሩ በወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቱንጃይ ኮረብታው ላይ ወዳለው ታላቅ መስጊድ ወሰደኝ። ጉልላቱ ከመራቁ የተነሳ አንዲት ደመና ገብታ መውጫው ጠፍቷት ስትዞር በዓይኔ አይቻለሁ። መብራቶቹ ከሰማይ በክር የወረዱ ይመስላሉ። ምንጣፉ ላይ ስራመድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

አዛን አድራጊው ሙአዚን ሐጂ ሙዛፈር ጉንፋን ይዟቸው ያስላሉ። ቱንጃይ ጠጋ አለና «አጎቴ፣ ይሄ ሱዳናዊ ድምፅ አለኝ ይላል» አላቸው።

«ድምፅማ የግቢው ድመትም አላት። እስቲ የአስር ሰላትን ኢቃማ ያድርግልን።»

ቱንጃይ በጆሮዬ «ዛሬ ወይ አዞዎቹን አምናለሁ፣ ወይ እስክትመረቅ አለቅህም» አለኝ።

ኢቃማ ሰላት ሊጀመር ሲል የሚደረግ ጥሪ ነው። እኛ አገር እያንዳንዱ ቃል አንዴ ይባላል፤ ሰዉም ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ ሁለት ሁለቴ ነው፤ ሰዉ ተቀምጦ ያዳምጥና «ኑ ወደ ስኬት» ለሁለተኛ ጊዜ ሲባል ይነሳል። ይህን ማን ይንገረኝ? እንደ አገሬ አድርጌ ጨረስኩ። የሰጋጁ ረድፍ በሙሉ እንደተቀመጠ ቀሪውን ይጠብቃል። ቱንጃይ ሳቁን አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ላቤ ምንጣፉን አራሰው።

ያኔ ጉልላቱ ጀመረ። ወደ ላይ የሄደው ድምፄ ቀስ ብሎ፣ አርጅቶ፣ አንድም ቃል ሳይጥል ተመለሰ። እኔ አንዴ ያልኩትን እሱ ደገመው። «ኑ ወደ ስኬት» ላይ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን ይዘው፣ በእንቅልፍ ልቡ እንደሚሄድ ሰው በዝግታ ተነሱ።

ከሰላቱ በኋላ ሐጂ ሙዛፈር ጠሩኝ። «ግማሹን የት ጣልከው ልጄ?»

«ለጉልላቱ ትቼለት ነው አጎቴ።»

ሽቅብ ወደ ጉልላቱ አንጋጠጡ። «እንግዲያው ጉንፋኔ እስኪለቀኝ አንተና ጉልላቱ አብራችሁ አድርጉ» አሉ።

ደረጃው ላይ ቱንጃይ የጫማውን ክር ያስር ጀመር። ቀና ሳይል፣ «አዞዎቹ ብዙ ነበሩ?» አለኝ።

«ውሃው አይታይም ነበር» አልኩት።