የተወለወለው ፌሮ

ዶን ፊደንስዮ ፔች አባታቸው የሠሩትን የወደብ ድልድይ ታሪክ ሲያወሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ከበረዶ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ዓሣ አጥማጆች ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል፦ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣው የማይዝግ ፌሮ፣ አባታቸው በአካፋ ያቦኩት ኮንክሪት፣ ከጎኑ በተራ ብረት ተሠርቶ ዛሬ የወፍ ማረፊያ ሆኖ የቀረው ሌላው ድልድይ።

አበልጃቸው ዶን ኤርሚሎ ግን ታሪኩን አንድ ቀን እንኳ አስጨርሰዋቸው አያውቁም። ጀልባ ጠጋኝ ናቸውና፣ ጨው የማይበላው ብረት እናቱ አልወለደችውም እያሉ መሀል ላይ ይገባሉ።

በኅዳር ማዕበል አንዲት ጀልባ የድልድዩን ጠርዝ ገጨችና ኮንክሪቱ ተገምሶ ክንድ የሚያህል ፌሮ ተጋለጠ። የምትመረምረው መሐንዲስ ከሜሪዳ ከተማ ትመጣለች ተባለ። ሁለቱ አበልጆች በምስክር ፊት ተወራረዱ። ፌሮው ዝጎ ከተገኘ ዶን ፊደንስዮ ያን ታሪክ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያ አግዳሚ ላይ አያነሡም፤ ካልዛገ ዶን ኤርሚሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፋቸውን ዘግተው ይሰማሉ።

መሐንዲሷ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ዶን ፊደንስዮ የአባታቸው ሥራ ሲሚንቶ እንደተለጣጠፈበት ለእንግዳ መታየቱ ከነከናቸው። ዶን ኤርሚሎ ይህን ሲሰሙ የሽቦ ብሩሻቸውን ሳይጠየቁ አመጡ፤ ጀልባቸውንም አዋሱ። ዶን ፊደንስዮ በአበልጃቸው ደግነት ልባቸው ተነካ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፌሮውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጽዋ እስኪያበራ ፈተጉት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም በጀልባ ድልድዩ ሥር ገቡ። መሐንዲስ ነሬይዳ ካኑል ቁርስ ስላልበላች በሎሚ የታሸ ጥሬ ዓሣዋን በብርጭቆ ይዛ ነበር። ዶን ፊደንስዮ ቀና ብለው ሲያዩ ፌሮው ከዳር እስከ ዳር ቀረፋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ዶን ኤርሚሎ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በለቅሶ ቤት ድምፅ፣ «አበልጄ፣ ነፍስ ይማር» አሉ።

ዶን ፊደንስዮ ግን፣ ሃምሳ ዓመት ንጹሕ የነበረ ብረት በእኔ እጅ ባደረ በአንድ ቀን እንዴት እንዲህ ይሆናል እያሉ በልባቸው አባታቸውን ይቅርታ ይለምኑ ነበር።

ነሬይዳ ፌሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከብርጭቆዋ ግማሽ ሎሚ አውጥታ ደጋግማ አሸችውና በመሐረብ ጠረገችው። ቡናማው ወደ መሐረቡ መጣ፤ ከሥሩ ነጭ ብረት ብቅ አለ። አላመነችምና መሮና መዶሻ አንሥታ ያልተነካ ኮንክሪት ፈነቀለች። እዚያም ፌሮው ያው ነጭ ነው።

«ይሄን በብረት ብሩሽ የፈተገው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ ዶን ፊደንስዮ።

«የብሩሹ ብናኝ ነው እላዩ ላይ ተጣብቆ የዛገው። ፌሮው ደህና ነው። የብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።»

«የሚያውቅ ሰውማ አያደርግም፤ ያስደርጋል እንጂ» አሉ ዶን ፊደንስዮ ቀስ ብለው፣ ወደ አበልጃቸው እያዩ። ዶን ኤርሚሎ ግን በዚያች ሰዓት አንድ ፔሊካን በጥሞና ይመለከቱ ነበር።

«ታዲያ መቼም አይዝግም ማለት ነው?» አሉ ዶን ፊደንስዮ ወደ መሐንዲሷ ዞረው።

«ለዘላለም የሚኖር ብረት የለም፣ ዶን። ይሄኛው ገና አላሰበበትም።»

እኩለ ቀን ላይ አግዳሚው ሞላ። ዶን ኤርሚሎን መሀል አስቀመጧቸው። «ግን እኮ…» ሲሉ ሁሉም ዞሮ አያቸውና ዝም አሉ።

ዶን ፊደንስዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባቴ…» ብለው ጀመሩና ቆም አሉ። የአበልጃቸውን ፊት አዩ፤ አሰቡበት።

«አይ» አሉ፣ «ከአያቴ ብነሣ ይሻላል።»