ሁለት ጣት ለመተንፈሻ

የልጅቷ አክስት ጎንበስ ብላ ከወንበሩ እግር የበቀለውን ቅጠል ለሦስተኛ ጊዜ በመቀስ ቆረጠችው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው የአዝመራ አምላክ በሐፍረት እግሯን ሰበሰበች።

«ይቅርታ፣ ሳዝን ያመልጠኛል።»

«ግድ የለም የኔ እመቤት። ብቻ ወንበሩ የጎረቤት ነው፤ ዛፍ አድርገን ብንመልስለት አይረከበንም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የልብስ ሰፊዋ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ እንዲህ የተሳቀበት ለቅሶ ግን በዚያ ከተማ ታይቶ አይታወቅም። ሰዉ ማመኑን ከተወ ዘመን ቢቆጠርም አፉ አልተወም ነበርና፣ አንዱ ለቀስተኛ ገብቶ «ፈጣሪ ያጽናሽ» ባለ ቁጥር በተርታ የተቀመጡት አማልክት «ማንኛችንን ነው?» በሚል ዓይን ይተያያሉ። የነጎድጓድ አምላክ ሰው እንዳያስደነግጥ ብሎ በሹክሹክታ ቢያወራም የሻዩ ስኒ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ሟቿ የወለደቻት ልጅ ብቻ አልሳቀችም። በእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጣ፣ ጎኑ ያልተገጠመ ሰማያዊ ካፖርት ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ካፖርቱ የዝናብ አምላክ የሆነው የደመናው ነው። ነገ ጠዋት ደመናው በከተማው የአትክልት ቦታ ሥራ ይጀምራል፤ ከአማልክት ሁሉ ሥራ ያገኘ የመጀመሪያው እሱ ነው። እናቷ «በመጀመሪያው ቀን ለብሰኸው ትገባለህ» ብላዋለች። በአርባ ዓመት የስፌት ዘመኗ አንድም ቀጠሮ አፍርሳ አታውቅም። ከሞተች በኋላ ቃል አጣፊ ትሁን ማለት ልጅቷን አልዋጥልሽ አላት።

ችግሩ፣ ልኩ ጠፍቷል።

አማልክቱ ከሰባት ዓመት በፊት፣ በአንድ ተራ ሰኞ ጠዋት ሲመለሱ ማንም አልተንበረከከላቸውም። ቤተ መቅደሶቻቸው የአውቶቡስ ማደሪያ ሆነዋል። የመዝገብ ሠራተኛው ተራ አስይዞ መታወቂያ ሰጣቸው፤ «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብሎ ሞላላቸው። ልብስ ፍለጋም ወደ ማሽኑ ሄዱ። በዚያ ዘመን ሰው መስታወት ፊት ይቆማል፤ ማሽኑ በዓይኑ ለክቶ፣ ሰፍቶ ይተፋለታል። እነሱ ሲቆሙ ግን «ሰው አልተገኘም» አላቸው።

በእጁ ለክቶ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። መጋረጃ ተጠቅልለው ደጇ ላይ ሲደረደሩ፣ እናቷ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየቻቸውና «ግቡ። በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል» አለች። በሜትር አትለካም ነበር። ሲባጎ ይዛ ደንበኛዋን ታቅፋለች፣ በጀርባው ታዞራለች፣ ከመቋጠሯ በፊት ሁለት ጣቶቿን ከሲባጎው ሥር ትሰዳለች። «ለመተንፈሻ» ትላለች። የእያንዳንዱ ሲባጎ በየምስማሩ ላይ ይንጠለጠላል። ስም አይጻፍበትም፤ ዳስሳ ታውቀዋለች።

አክስቷ ደግሞ በቀብሩ ዕለት ከሦስት ፎቅ ጎረቤቶች አርባ ወንበር ተዋሰች። የማን የማን እንደሆነ እንዳይምታታባት ሲባጎዎቹን ከግድግዳው አውርዳ፣ እየቆራረጠች በየወንበሩ እግር አሰረቻቸው። ልጅቷ ዛሬ ባዶዎቹን ምስማሮች ስታይ ክው አለች።

«የወዳደቀ ሲባጎ መስሎኝ» አለች አክስቷ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ወንበር የሰጠን ሰው ሁሉ ጨቅጫቃ ነው።»

ልጅቷ ሜትር ይዛ ደመናውን አስቆመችው። ደረቱ መጀመሪያ ዘጠና ሆነ። ሲተነፍስ መቶ አርባ ገባ። ይባስ ብሎ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ነካ።

«ምን ሆነሃል? እንዲህ አብጠህ አታውቅም።»

«እማማ ካረፉ ወዲህ ሦስት ቀን ይዤው ነው» አለ ደመናው አንገቱን ደፍቶ። «ለቀስተኛው እንዳይበሰብስ ብዬ።»

አክስቷ ሻይ እየቀዳች ጣልቃ ገባች። «የአራት ሺህ ዘመን ሽማግሌ እህቴን እማማ ሲላት አይገርምሽም?»

«ከሳቸው በፊት ብዙ ሰው ተንበርክኮልኛል፣ እትዬ» አለ ደመናው። «‹ዝም ብለህ ቁም፣ ልጄ› ያለኝ ግን የለም።»

ልጅቷ ሜትሩን ጠቀለለችው። «እንዴት አድርጋ ነበር የምታረጋህ?»

«ያቅፉኛል። ስረጋ ይቋጥራሉ።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አልቆጠርኩም። አንድ ጊዜ ግን ሻያቸው ቀዝቅዟል።»

ከቀብሩ ወዲህ ልጅቷ ለቀስተኛውን የምትቀበለው እጅ በመጨበጥ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ካቀፋት፣ ጫፉ እንዳልታሰረ ስፌት እተረተራለሁ ብላ ፈርታለች። ካፖርቱን አየችው። ነገ ጠዋትን አሰበች። ከዚያ ከመሳቢያው አዲስ ሲባጎ አውጥታ ተነሳች።

«ዝም ብለህ ቁም» አለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ልጄ» ብላ ጨመረችበት።

ነጎድጓድ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሁለት ስኒ ተሰበረ።

አቀፈችው። እንደራሰ ብርድ ልብስ ከበዳት። አንድ ጠብታ አንገቷ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ትከሻዋ ላይ፤ ወዲያው ሞቅ ያለ ካፊያ የለቅሶውን ቤት ሞላው። ሰዉ ሻዩን በመዳፉ እየከደነ ሳቀ። የአዝመራ አምላክ ወንበር ጭራሽ አበባ አወጣ፤ አክስቷም መቀሱን ረስታው ቁጭ አለች። ልጅቷ ሳቀችም፣ አለቀሰችም፤ ፊቷ ረጥቦ ስለነበር ለይቶ ያወቀ የለም። ደመናው ቀስ እያለ አነሰ፣ አነሰ፣ በመጨረሻ ደህና ቁመት ያለው አንድ ሰውዬ ሆኖ እቅፏ ውስጥ ረጋ።

ሲባጎውን በጀርባው አዞረች። ልትቋጥረው ስትል እጇ ቆም አለ፤ ከዚያም ሁለት ጣቶቿን ከሥሩ ሰደደች።