ሳይደርቅ የተነካው መብራት

ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን የራስጌ መብራቶች ጥቁር ልትቀባ የተነሳችው ለታላቅ ወንድሟ ብላ ነው። «ሚጣዬ፣ ከእማዬ መብራቶች አንዱን እወስዳለሁ፤ ጥቁር ቀቢልኝ፣ ቤቴ ያለው ዕቃ ሁሉ ጥቁር ነው» ብሎ ደወለላት። ሲመጣ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እናታቸው ከሞተች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ለቀብሯ አልደረሰም። ልብስ ሰፊዋ ይህን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብላ ትታዋለች፤ ሆዷ ግን ሊፈጀው አልቻለም።

መብራቶቹ መንታ ናቸው፤ የብረት መቆሚያ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ የቆርቆሮ ቆብ። ዕድሜ ልካቸውን በአባቷና በእናቷ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ኖረዋል። አባቷ መኪና ቀቢ ነበሩ። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ከጋራዥ የተረፈ ቀለም ይዘው ይመጡና መብራቶቹን እንደ አዲስ ይቀቧቸዋል። ቀለሙን የሚመርጠው እንግዲህ የተጋጨው መኪና ነው። የሰፈሩ ሐኪም ግንብ የገጨ ዓመት መብራቶቹ ቀይ ሆኑ፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ የተፋቀ ዓመት ደግሞ ቢጫ።

እናቷ ሁሉ ነገር ነበራት፣ ትዕግሥት ብቻ አልነበራትም። ተቀብቶ ጋዜጣ ላይ የቆመውን መብራት ሳይደርቅ ትነካዋለች። «ደርቋል እኮ» ትልና ማብሪያው ሥር፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ አውራ ጣቷን ጫን ታደርገዋለች።

«አንቺ ሴት፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?» ይላሉ አባቷ።

«እኔ ምን አፈሰስኩ? ነካሁ እንጂ» ትላለች፣ ጣቷን በሽርጧ እየጠረገች።

እሳቸውም ስቀው ይተዉታል። በሚቀጥለው ጊዜ ጉድጓዱን በስቱኮ ደፍነው ይቀቡበታል፤ እሷም አዲሱ ላይ ሌላ ትከፍታለች። ትዳራቸው በዚህ ዓይነት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሄደ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ እናቷ ሰው ጠርታ መብራቶቹን ብርማ አስቀባቻቸው። ሰውዬው ጎድጓዳውን ሁሉ ደፍኖ፣ የግቢ በር እንደሚቀባ በወፍራሙ ለስኗቸው ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አነጠፈች፣ ገመዶቹን ፈታች፣ ጓንት አጠለቀች። የመጀመሪያውን መብራት ቀለም ማስለቀቂያ ለቀለቀችው። ቀለሙ አብጦ ተሸበሸበና በቢላዋ ጀርባ ስትገፋው የስንቱ ዓመት አንድ ላይ ተልጦ ወረደ። ብረቱ ራቁቱን ቀረ። በንጹሕ ሥራዋ ተደሰተች፤ ልጣጩን በጋዜጣ ጠቅልላ ጣለችው፣ በማግስቱም ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ወሰዱት።

ለሁለተኛው ማስለቀቂያው አልበቃም። በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገው ጀመር። ብርማው ሲያልቅ ከሥሩ ቀይ ብቅ አለ። ማብሪያው ሥር ስትደርስ የደረቀ ስቱኮ ተፈንቅሎ እጇ ላይ ወደቀ። ቦታው ጎድጓዳ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረገችው። ክብ ክብ የሠሩ የጣት መስመሮች ታዩ፤ በመካከላቸው አንዲት ጠባሳ አግድም አልፋለች። ጠባሳዋን ታውቃታለች፣ የሽንኩርት ቢላዋ የቆረጣት ናት። የእማዬ አውራ ጣት ነው።

ክው አለች። ጓንቷን አውልቃ የራሷን ጣት አስገባችበት። ልኳ አልነበረም፣ የእማዬ ይጠባል፤ እንዲያም ሆኖ ሳታወጣው ቆየች። ዓመት ሙሉ የናፈቃት ይህ እጅ ነው፤ ፀጉሯን የጎነጎነ፣ መርፌ መያዝ ያስተማራት፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እሷው በፎጣ ያጠበችው እጅ። ቀጥሎ የመጀመሪያው መብራት ትዝ አላት። እዚያም ውስጥ ነበረ። ስንቱን ጣት ጠቅልዬ ለቆሻሻ መኪና ሰጠሁት ብላ በተቀመጠችበት አለቀሰች።

አልቅሳ ስትጨርስ ቁርጥ አደረገች። የተላጠውን ጥቁር ቀብታ ለወንድሟ ትሰጠዋለች። ቀዩን አታሳየውም። በአንሶላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ሸሸገችው። ከጠየቀ ተሰብሯል ትለዋለች። የእማዬ ጣት እሷን ላስታመመችው ልጅ ይገባል፤ ከሩቅ እየደወለ «እንዴት አደረች?» ሲል ለከረመው ጥቁር መብራት መች አነሰው? ክፉ ሐሳብ መሆኑን ታውቃለች። ያን ዕለት ግን ክፉ ለመሆን መብት ያላት መሰላት።

ነገ እመጣለሁ ያለ ሰው ዛሬ ረፋድ ላይ በሩን አንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ጥቁር ቀለም ቀብታ ብሩሹን እንኳ አላጠበችም። ተቃቅፈው ቆዩ። ስለ እማዬ ማናቸውም አላነሱም። ከዚያ በረንዳው ላይ መብራቱን አየው።

«ጋሼ፣ እንዳትነካው። ገና አሁን ነው የቀባሁት።»

«ምን በወጣኝ» አለ።

ሻይ ጥዳ ስትመለስ እጁን ከኋላው ደብቆ ቆሟል። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩም ሸብቷል፤ አቋቋሙ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነው።

«እጅህን አሳየኝ።»

«የደረቀ መስሎኝ እኮ ነው» ብሎ አውራ ጣቱን አወጣ። ጥቁር ነው።

ወደ መብራቱ ዞረች። ማብሪያው ሥር፣ እዚያው ቦታ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እማዬ ግን ይህችን አንዷን አመሏን ለልጇ ሳታጎድል አውርሳዋለች። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደባት።

«ላያት ፈልጌ ነበር፣ ሚጣዬ» አለ ሳትጠይቀው። «ማረፏን የነገርሽኝ ሻንጣዬን ይዤ አየር ማረፊያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው። ከዚያው ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ በምን ፊቴ ልምጣ? በነገር ሁሉ የምቸኩል ሰው፣ ለእሷ ዘገየሁ።»

አንጀቷን በላት። ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ የተጠቀለለውን አምጥታ ፈታችለት። «እዚህ ጋ የእማዬ ጣት አለ» ብላ አሳየችው። ሊነካው ሲል እጁን ያዘችና ጥቁሩን ጣት በጨርቅ ጠረገችለት። ከዚያ ለቀቀችው።

ጣቱን ጉድጓዱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «ጣቷ ትንሽ ነበር ለካ» አለ።

«ይሄ ያንተ ነው፤ እንዲሁ ቀይ እንደሆነ ውሰደው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ጥቁሩ አለልኝ።»

«እሱን እኮ አበላሸሁብሽ። ቆይ ሲደርቅ ፈግፍጌ ላስተካክልልሽ» ብሎ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳ።

ከእጁ ቀማችው።

«እንዳትነካው ብዬህ የለም?» አለችው።