የደፉ ድንጋይ ቅሬታ

በግንበኛው ሂድር አርባ ቀን፣ ደዴ ሙርተዛ «በሟቹ ላይ ቅሬታ ያለው ይናገር» ሲሉ «እኔ አለኝ» ያለው የጸሎት ቤቱ በር ደፍ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፣ ከቀትር በኋላ። እኛ በቱርክ የዴርሲም ተራራ የምንኖር፣ አሌቪ የምንባል አማኞች ሰው ሲሞትብን በአርባኛው ቀን ለጸሎት እንሰበሰባለን፤ የሚመሩን ሽማግሌ ደዴ ይባላሉ። ከሟቹ ቤት አንድ ሰው በእሱ ፈንታ መሃል ይቆማል፤ የተቀየመ ሁሉ ቅሬታውን ይናገራል። ሁሉም ይቅር ካላለ ሟቹ አይሄድም። ያን ቀን የቆመችው ሚስቱ ጉሊዛር ናት፤ እንደ ሥርዓቱ ባዶ እግሯን፣ የቀኝ እግሯን አውራ ጣት በግራው ላይ ጭና። ጉሊዛር እህቴ ናት።

እኔ በረኛ ነኝ። ጸሎቱ ሳያልቅ ማንንም አላስወጣም፣ ራሴንም ጭምር። ድንጋዩ ሲናገር ግን ከሁሉ በፊት መውጣት ያማረኝ እኔ ነበርኩ።

ደዴ ሙርተዛ ድንጋዩን አንቱ አሉት፤ በዕድሜ ይበልጣቸዋል።

«ምን በደለዎት?»

«ፊቴን ወደ መሬት አድርጎ ቀበረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስትገቡም ስትወጡም የምትሳለሙት ጀርባዬን ነው።»

ማንም አልደነገጠም። አንድ አዛውንት ብቻ አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

አምና ከዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው ደብተር ይዞ መጥቶ ነበር። «ደፍ መሳለማችሁ፣ ዳቦ ቆርሳችሁ መካፈላችሁ፣ በሽማግሌ ፊት መናዘዛችሁ ከክርስቲያኖች የመጣ ይሆን?» አለን። ደዴው «ከአባቶቻችን ነው» አሉት፤ አብልተን ሸኘነው። ሌላው ሰው ረሳው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

«ሟቹን ይቅር ይሉታል?» አሉ ደዴው።

«አልልም።»

ጉሊዛር ጣልቃ ገባች። «ደዴ፣ ባሌ አርባ ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው የሚውለው። ጫማውን እንኳ አያወልቅም። ይሂድልኝ፣ ይረፍ።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ሂድር አይደለም» አልኩ። «ድንጋዩን ከፈረሰው የአርመን ቤተ ክርስቲያን አብረን ነው ያመጣነው። እሱ የተቀረጸበት መስቀል ወደ ላይ ይሁን ብሎ ነበር። ሰው ምን ይለናል ብዬ ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

እህቴ ዞራ አየችኝ። «እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

ከጓዳው ዶማና የብረት ዘንግ አመጡልኝ። ማንም አላገዘኝም። ስገለብጠው ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ አፈሩ በቀላሉ አልለቀቀውም።

«ሂድርን ይቅር ብያለሁ» አለ ድንጋዩ። ጉሊዛር እዚያው መሃል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ቬይሰልንስ?» አሉ ደዴው። ቬይሰል እኔ ነኝ።

ድንጋዩ ዝም አለ።

ሰው ሁሉ ለመውጣት ተነሳ፤ ግን ማንም ገና አልተሳለመም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት አፈር ውስጥ የኖረው መስቀል መሃሉ ልክ እንደ ጀርባው በከንፈር ብዛት ተበልቶ ጎድጉዷል። በጣቴ ዳሰስኩት። ከንፈር አሁን እንደ ነካው ገና እርጥብ ነበር።