የሓድሽ አምስት ጎራሽ ሽጉጥ

ዘርአይ የማይንቀው ሰው የለም፤ ሽጉጥ ሰብሳቢዎች ላይ ሲሆን ደግሞ ንቀቱ ልክ የለውም። በየወሩ የሚሄድበት ክበብ ውስጥ ካሉት ግማሹ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ብረት ከቆርቆሮ አይለዩም። አርባ ሽጉጥ አለኝ እያለ የሚኩራራውን ሰውዬ «ብዛት ከወደደ ለምን ዶሮ አያረባም?» ይለዋል። እሱ ራሱ በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ማሪቢርኖንግ ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ካዝና ውስጥ የቆለፈባቸው አራት ብቻ ናቸው። አራቱም መዳፍ ውስጥ የሚገቡ፣ አምስት ጥይት የሚጎርሱ የድሮ የብረት ሪቮልቨሮች ሲሆኑ፣ ከፋብሪካ ይዘውት የወጡት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም አልተነካም። አይተኩስባቸውም። ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

ከአራቱም የምትበልጠው ግን የጓደኛው የሓድሽ ነበረች። ሰባ ዓመት አልፏት ቀለሟ ንቅንቅ አላለም፤ የእንጨት እጀታዋ እንኳ የራሷ ነው። ዘርአይ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሽጥልኝ» ቢለው ሓድሽ እየሳቀ ያልፈው ነበር። ይህ የጭነት መኪና ሹፌር እንዲህ ያለ ነገር ምን ያደርግለታል እያለ ሲበግን ኖረ።

ሓድሽ ሲሞት ሚስቱ ወይዘሮ ተረፈች በአገሩ ሕግ መሠረት ሽጉጧን ወይ ፈቃድ ላለው ሰው ማስተላለፍ፣ ወይ ለፖሊስ ማስረከብ ነበረባት። ዘርአይ ይህን እንደሰማ ባለ አርባው ሰውዬ እንዳይቀድመው ፈራና ስልክ ደወለ።

«ተረፈች፣ አታስቢ። ያረጀ ብረት ነው፤ ጥቁር ዝገት በልቶታል። ለማንም አሳይተሽ እንዳትዋረጂ። ለሓድሽ ስል እኔ እወስደዋለሁ» አላት። ዋሸ፣ ቅንጣት ሳይሰቀጥጠው። ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር በቀር ምን ታውቃለች ብሎ ነው።

«ጌታ ይባርክዎት ጋሼ። ቅዳሜ ይምጡ፤ ወረቀቱን የሚያፈራርመንን የሽጉጥ ነጋዴ ቡክ አደርጋለሁ» አለችው።

ቅዳሜ ተረፈች የምትኖርበት ፖይንት ኩክ ሰፈር ሲደርስ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነውበት ሰፈሩንም ናቀው። ወደ ነጋዴው ከመሄዳቸው በፊት ተረፈች የብረት ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከፈተችለት። ሽጉጧ ነጭ ሆናለች። ከአፈሙዟ እስከ ቃታዋ ተፍቃ፣ ተጫጭራ፣ እንደታጠበ ድስት ታብለጨልጫለች።

«ምን አደረግሻት?»

«በድስት ሽቦ ፈገፈግኳት። ሎሚም ጨመርኩባት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ» አለች ተረፈች የቆሰሉ ጣቶቿን እያሳየች። «የሟች ዕቃ እንደቆሸሸ ለሰው አይሰጥም ብዬ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቆሻሻ አልነበረም እኮ! ቀለሟ ነው! ከተፋቀ ወዲያ አይመለስም! እንዴት ያለ ድንቁርና ነው?»

ተረፈች አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሓድሽም ውበቷ ጥቁረቷ ነው ይል ነበር» አለች። «ዘይት ከነካ ጨርቅ ሌላ አታስነኪያት ይለኝ ነበር። ሽቦውን ይዤ ቆሜ ትዝ አለኝ። ግን እርስዎ ዝገት ነው አሉኝ። ሓድሽ ምን ያውቃል፣ የሚያውቁት ጋሼ ዘርአይ ናቸው ብዬ የባሌን ቃል ትቼ የእርስዎን ያዝኩ። እስቲ አሁን ይንገሩኝ፣ ዝገት ነበረባት ወይስ አልነበረባትም?»

ዘርአይ ፊቱ ጋለ።

«አልነበረባትም።»

ተረፈች ሳጥኑን ቆለፈች። «እንግዲያው ለፖሊስ አስረክባታለሁ» አለችና ሄዳ በሩን ከፈተችለት።