የኩሽኔታዋ ብይ

"ወጣ?" አሉ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ታዊያ፣ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆመው።

ተለማማጇ ሰርዋ ከሚኒባሱ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ የኋላ ግራውን ጎማ የፍሬን ቱቦ በፒንሳ እየፈለቀቀች ነበር። ቱቦው ሲከፈት ሽምብራ የምታህል የብረት ብይ ወጥታ ደረቷ ላይ ወደቀች። ካረጀ ኩሽኔታ የተፈለቀቀች ናት። ማን እንደፈለቀቃት፣ ማን ቱቦው ውስጥ ጨምሮ በሁለት የመዶሻ ምት እንደቆለፈባት ሰርዋ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። የራሷ እጅ ነበር።

"ወጣ ወይ? አንቺ ልጅ፣ መርማሪው እኮ መምጣቱ ነው!"

"ወጣ፣ ጋሼ።"

"እሰይ! በይ ሲሊንደሩንም ቱቦውንም ቀይሪና ዘይት ሙዪበት። የፈሰሰውን በቤንዚን ጠራርጊው።"

ሲሊንደሩ ከሌላ መኪና የተፈታ አሮጌ ነው፤ አዲስ መግባቱን ማንም አይለየውም። ማክሰኞ ዕለት ከመላው የሱዋሜ ጋራዥ ሰፈር ጠፋ የተባለው ዕቃ ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገኘ። ኩማሲ ውስጥ የፈለጉት ዕቃ የሚጠፋው ሰው እስኪሞት ድረስ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ሹፌሩ ምንታ ሚኒባሱን ይዞ ሲመጣ ያ ጎማ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር። ጋሽ ታዊያ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው አዩና "ድፈኚው" አሏት። በዚያ ሰፈር ይሄ ሙያ እንጂ ነውር አይደለም። የሚያፈሰው ቱቦ በብይ ይደፈናል፤ መኪናው በቀሩት ሦስት ጎማዎች እየያዘ ዕቃው እስኪገኝ ይሠራል። "እስከ ሰኞ" ይሉታል። እስከ ሰኞ የተባለ ስንት መኪና ዓመት ከርሟል! ሰርዋ ብይዋን መርጣ፣ ቱቦውን ሳትሰነጥቅ፣ አንዲት ጠብታ ሳታስመልጥ ደፈነችው። ጋሽ ታዊያ በጣታቸው ዳበሱትና "እጅሽ ይባረክ! አራት ዓመት የለፋሁት በከንቱ አይደለም" አሉ። ለምንታ ግን ስለ ብይዋ የነገረው ሰው አልነበረም።

ምንታ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ሰርዋ፣ ይይዛል?" አላት።

እሷም "ይይዛል" አለችው። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ደስ ብሏት ዋለች፤ አሁን የሚያንገበግባት ከሁሉም በላይ ይኸው ደስታዋ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ብይዋ ከቦታዋ ሸሸች። ዘይቱ በዚያው ፈስሶ አለቀና ምንታን ወደ ጋራዡ ሰፈር በሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከቁልቁለቱ ግርጌ እማማ ቦአቴማ ኬንኬ የሚባለውን በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብ ይሸጡ ነበር። የሰፈሩን መካኒክ ሁሉ ያበሉ ሴት ናቸው፤ ለሰርዋ ሁልጊዜ ትልቁን ጥቅል እየመረጡ "ጎማ የሚፈታ እጅ ትንሽ ነገር ማንሳት አይችልም" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ድስታቸው ሳይነካ ተረፈ፤ እሳቸው አልተረፉም። የተሰባበረው ሚኒባስ እስኪመረመር ተብሎ እዚያው ጋራዡ ጓሮ ተጎተተ፤ ምንታ ደግሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ።

ሰርዋ ሥራውን ጨርሳ ስትወጣ ብይዋን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ለምን እንዳልጣለቻት ብትጠየቅ አታውቀውም።

"ምንታስ፣ ጋሼ?" አለች እጇን እየጠረገች።

"ምንታ ምን ሆነ?"

"ፍጥነት ነው ተብሎ ሊፈረድበት ነው።"

"ሹፌር አይደል? ሹፌር ይታሰራል፣ ይወጣል፣ መልሶ ይነዳል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጋራዡ ከተዘጋ ግን የሚከፍተው የለም። ስምንት ልጆች እዚህ ሙያ ይማራሉ። ደግሞስ መዶሻው በማን እጅ ነበር? እኔ ላንቺ ብዬ ነው። ዛሬ ከተለማማጅነት ነጻ መውጫሽ ነው፤ ሰኞ የአውቶቡሱ ድርጅት ይቀጥርሻል። ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። አባቷ ሲሞት "ሴት ልጅ ምን ትሠራልሃለች?" እያሉ ሌሎች ሲስቁባቸው መፍቻ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። ነገሩን የባሰ ያከበደባትም ይኸው ነው።

መርማሪው አራት ሰዓት ላይ መጣ። ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ረገጠ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን በባትሪ አየ፣ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"ፍሬኑ ደኅና ነው" አለ። "ሰውየው ሲበር ነው የመጣው።"

"እኛም ያልነው ይኸንኑ ነው" አሉ ጋሽ ታዊያ።

በበሩ ጥግ አንዲት ሴት ቆማ ነበር፤ የምንታ ሚስት አፍሪዬ። መርማሪው ሲወጣ መንገዱ ላይ ገባችበት።

"ጌታዬ፣ ባሌ አይበርም እኮ! ተሳፋሪ 'ምነው አንቀላፋህ' እያለ የሚሰድበው ሰው ነው።"

"ለዳኛው ንገሪ፣ እናቴ" አላትና ሄደ።

አፍሪዬ ወደ ሰርዋ መጣች።

"ትናንት ምግብ ሳደርስለት 'ሰርዋ ይይዛል ብላኛለች' ነው የሚለኝ። ሌላ ነገር አይናገርም። ብለሽዋል?"

ጋሽ ታዊያ ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ማክሰኞ ይዞ ነበር" አለች ሰርዋ በመጨረሻ። ውሸት አልነበረም፤ ከውሸት የባሰ ነበር።

"እኔም እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ። አንቺ ምን አጠፋሽ።" አፍሪዬ ከዘንቢሏ አንድ ጣሳ ፓውደር አወጣች። "ሰኞ ፍርድ ቤት ነጻ ሲለው እንደ ወጋችን ራሱ ላይ የምነሰንስለት ብዬ ገዝቼው ነበር። ሞኝ ነኝ አይደል? ሰውየው የተናገረውን ሰማሽው። ዛሬ ነጻ መውጫሽ ነው አሉ፤ ላንቺ ይሁን። የተገዛ ፓውደር እቤት ሲቀመጥ ገድ የለውም።"

ሰርዋ "አልወስድም" ልትል ፈለገች፤ እጇ ግን ተቀበለ። አፍሪዬም ዘንቢሏን ይዛ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ የጋራዡ ግቢ ተጠረገ። እናቷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ደስታዋ ከፊቷ ሞልቶ እየፈሰሰ መጣች። ልጇ ለምን ቱታዋን እንዳልቀየረች ጠይቃ መልስ ሳትጠብቅ ወንበር መደርደር ጀመረች። አንዳንዱ ሰው የእማማ ቦአቴማ ሐዘን ሳያልፍ ምን ድግስ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ጋሽ ታዊያ ግን "የተጠራ ሰው አይመለስም" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሽሽት መሬት መሬት ሲያዩ ሰርዋ አስተዋለች።

ሥርዓቱን የሚመሩት አባባ ኦፖንግ ናቸው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ዓይናቸው በብየዳ የደከመ። የመጠጡን ጠርሙስ ከፍተው ለሙታን መሬት ላይ ጠብ አደረጉ፤ የእማማ ቦአቴማንም ስም ጠሩ። ከዚያ ሰርዋን ተንበርከኪ አሏት። ሥርዓቱ ሲያልቅ ሊነሰንሱባት የአፍሪዬን ፓውደር በግራ እጃቸው ያዙ።

"ታዊያ፣ ይቺን ልጅ ሙያ አስተምረሃታል?"

"አስተምሬያታለሁ፣ አባባ።"

"በአንተና በእሷ መካከል የቀረ ነገር አለ?"

"የለም።"

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው ለወጉ ነው። በዚያ ግቢ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ"የለም" ሌላ ቃል ተሰምቶበት አያውቅም።

"ሰርዋ፣ በአንቺና በጌታሽ መካከል፣ በአንቺና በዚህ ሙያ መካከል፣ የቀረ ነገር አለ?"

የጣሳው ክዳን ተከፍቷል፤ የፓውደሩ ሽታ መጣባት። እናቷ ሞባይሏን ደግና ፎቶ ልታነሳ ጎንበስ ብላለች። ሰርዋ ሰኞን አሰበች። የአውቶቡሱን ድርጅት ሰማያዊ ቱታ አሰበች። እዚያው ሰኞ ምንታ ዳኛው ፊት ቆሞ "ይይዛል ብላኛለች" ሲል ታያት።

"ልጄ፣ የለም በይ እንጂ" አሉ አባባ ኦፖንግ፣ ያፈረች መስሏቸው በፈገግታ።

"አለ" አለች።

ጋሽ ታዊያ "ሰርዋ" አሉ ቀስ ብለው፤ ልመና ነበር እንጂ ቁጣ አልነበረም፤ እንባዋም ያኔ መጣ። ቢሆንም እጇን ኪሷ ከተተች። ብይዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ብይዋ ተንከባልላ የጠርሙሱ ሥር ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ግቢ መካኒክ ያልሆነችው እናቷ ብቻ ነበረች፤ የቀሩት ምን እንደሆነች ለማወቅ አንድ ቃል አላስፈለጋቸውም።

"ከምንታ መኪና ነው ያወጣኋት" አለች። "የደፈንኩትም እኔ ነኝ።"

እናቷ ሞባይሉን ዝቅ አደረገች። "ምን ማለትሽ ነው? ምንድን ነው እሱ?"

ሰርዋ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ጣሳውን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለች፤ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።

"ይሄ ፓውደር የሰው ነው" አለችና ጣሳውን ይዛ፣ ብይዋን መልሳ ኪሷ ከታ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ጀመረች።